የተቃጠለው የሙና የሠርግ ፊልም

ባለፈው ዓርብ እዚሁ ኩዌት፣ ፋሐሂል ነበርኩ። ከአውቶቡሱ ማቆሚያ ወደ ገበያው በሚያስገባው መንገድ ላይ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ በር ላይ ተቀምጬ እንዲያሳጥርልኝ የሰጠሁትን ቀሚስ እጠብቃለሁ። አንዲት የእኛ አገር ልጅ፣ ጂንስ ሱሪ ለብሳ ነጭ ሻርፕ ጣል ያደረገች፣ አንገቷ ላይ የፊልም ካሜራ አንጠልጥላ መጣች። እውነተኛውን፣ ጥቅልል ፊልም የሚጎርሰውን። ዓይኔ ከካሜራው አልነሣ ቢል ፈገግ ብላ ጠጋ አለችኝ።

«ላንሳዎት እናቴ?»

«መጀመሪያ ያነሣሽውን አሳዪኝ» አልኳት።

ስልኳን አውጥታ ፎቶዎቿን ታሳየኝ ጀመር። የባሕሩ ዳር፣ የዓሣ ገበያው፣ ማንጋፍ ውስጥ አንድ ሰገነት ላይ የቆሙ ጓደኞቿ። ሁሉም ላይ በአንድ ወገን ብርቱካናማ ጭረት እንደ እሳት ምላስ ገብቶባቸዋል። «ካሜራሽ ብርሃን ያስገባል፤ የኋላ በሩ ማጠፊያ ጋ ያለው ስፖንጅ አልቋል» ብላት ሳቀች። «አይ እናቴ፣ ይሄ እኮ ስታይል ነው! ሰው ይሄን ለማምጣት በስልክ ይጨምርበታል።»

ስታይል! እኔም ሳቅሁ። በዚህች ስታይል የተነሣ ሻንጣዬን ይዤ በር ላይ ልጣል እንደነበር፣ ሐሰተኛ ተብዬ እንደነበር ልነግራት አፌን ስከፍት የማንጋፍ አውቶቡስ መጣና ሮጠች። ነገሩ ግን እኔ ላይ ቀረ። ቀሚሴን ተቀብዬ እስክመለስ ድረስ፣ ከተመለስኩም በኋላ፣ ይኸው እስከዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እንግዲህ ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልናገረው።

ነገሩ ግን ከኩዌት አይጀምርም። ደሴ ነው የሚጀምረው፣ የጋሽ ይመር ፎቶ ቤት። ገና ኮረዳ ሳለሁ ነው የገባሁት፣ ወለል ለመጥረግ ተብዬ። የፎቶ ቤቱ አንደኛው ግድግዳ ላይ የአውሮፕላን መሰላል ተሥሏል፤ በሌላኛው ላይ ሐይቅና ሁለት ዳክዬ። ከመስታወቱ ጎን ማበጠሪያ በሲባጎ ታስሮ ይንጠለጠላል፣ እንዳይሰረቅ። ጉርድ ፎቶ አራት ፍሬው ሦስት ብር፣ ቁም ፎቶ በፖስት ካርድ አምስት ብር፤ ኮትና ከረባት ለሚዋስ ሃምሳ ሳንቲም ይጨመርበታል። ያን አንድ ግራጫ ኮት ያልለበሰው የወሎ ወንድ አለ ብዬ አላምንም። ለረዥሙ ያጥረዋል፣ ለቀጭኑ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ እንይዝለታለን፤ ፎቶው ላይ ግን ሁሉም ልኩ ነው። ሴቶቹ ትከሻው ስፖንጅ የገባበት ሸሚዝ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን በቅባት አብርተው ይመጣሉ። ጎናችን ካሴት ቤት ነበር። ጠዋት የከፈተውን ካሴት እስከ ማታ እየገለበጠ ያጫውተዋል፤ በግድግዳው በኩል ጨለማ ክፍላችን ድረስ ይሰማል። ጋሽ ይመር ሰዓታቸው ከቆመ ቆይቷልና ፊልም የምናጥበው በዘፈን ነበር። አንድ ሙሉ ዘፈን፣ የሚቀጥለው ደግሞ ሴቷ ድምፅ እስክትገባ ድረስ፤ ከዚያ ፊልሙ ይነሣል። ካሴት ቤቱ የተዘጋ ቀን ምን እናድርግ? ጋሽ ይመር ራሳቸው ይዘፍኑ ነበር።

ወለል ጠራጊነቱ ሳይከርም ወደ ጨለማ ክፍሉ አስገቡኝ። «እጅሽ አይንቀጠቀጥም፤ ደግሞ ዝም ማለት ትችያለሽ» አሉኝ። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሁለተኛውን ግን አላወቁኝም። ማጠብ አስተማሩኝ፣ ማተም አስተማሩኝ፤ ከሁሉ በላይ የተበላሸ ፊልም ማንበብ አስተማሩኝ። የፎቶ ቤት ሰው ይህን ካልቻለ አይኖርም። ደንበኛው የልጁን ክርስትና ወይም የእህቱን ኒካህ በራሱ ካሜራ አንሥቶ ይመጣል፤ ፊልሙ ተቃጥሎ ይወጣል፤ ከዚያ «እናንተ ናችሁ ያቃጠላችሁብኝ!» ብሎ በሩን ይይዛል። ጋሽ ይመር አይጨቃጨቁም። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ይዘረጉና ሰውዬውን ትከሻውን ይዘው ያስጠጉታል። «እየው፤ ይሄ ብርሃን የነካው ጥቁር ከፎቶው ክፈፍ ወጥቶ እነዚህ ጥርሶች፣ የዳር ቀዳዳዎቹ፣ መሀል ገብቷል። ካሜራህ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። ከክፈፉ ሳይወጣ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ ሆኖ ቢሆን ኖሮ በፀሐይ አንጻር ቆመህ አንሥተሃል እልህ ነበር። ይሄ ደግሞ፣ አራት ፎቶ ሙሉ በሙሉ የጠቆረው፣ የኋላ በሩን የከፈትከው ጊዜ ነው። መቼ እንደከፈትከው ልንገርህ?» ይሉታል። ሰውዬው አፉን ይዞ ይሄዳል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እሰማለሁ። ያን ጊዜ ራሴን መከላከል እየተማርኩ እንደሆነ አላወቅኩም።

ፎቶ ቤት በሞባይል ተገደለ። ጋሽ ይመርም አረፉ፤ ባለቤቴም ቀድሞኝ ሄደ፤ ልጆቼ ትምህርት ላይ ነበሩ። ዕድሜዬን አምስት ዓመት ቀንሼ በፓስፖርቴ ላይ አስጽፌ ኩዌት ገባሁ። ፓስፖርቴ ላይ የተለጠፈውን ጉርድ ፎቶ ራሴ አላነሣሁትም እንጂ እንዴት እንዲያነሣኝ ለፎቶ አንሺው ልጅ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

የገባሁበት ቤት ጃብሪያ ነው፣ ከሆስፒታሉ ብዙ የማይርቅ ባለ ሦስት ፎቅ። ማዳም ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የምታንስ፣ ቤቷን እንደ መርከብ የምትመራ ሴት ናት። ሙና አንድ ልጇ ናት። ባባ የምንላቸው የማዳም አባት ናቸው፤ ሰማንያ የሚጠጉ፣ በጉልምስናቸው የነዳጅ ሥራ ላይ የነበሩ፣ ረዥም ሽማግሌ። በአረብኛ አንቱታ የለም፤ ትልቁም ትንሹም አንተ ነው። እኔ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። ከእኔ ጋር የምትሠራው ወርቄ የምትባል የጎንደር ልጅ ናት፤ ጾሟን የማትገድፍ፣ ደግና ፈሪ። እሷ ወጥ ቤቱን፣ እኔ ደግሞ ጽዳቱንና የባባን ነገር እይዝ ነበር።

ኮሮና የመጣ ጊዜ ያ ቤት እንዴት እንደተለወጠ! ሐዝር ታወጀ፤ መውጣት ክልክል። በአዛኑ ውስጥ «በየቤታችሁ ስገዱ» የሚል ቃል ገባበት። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን መጥረጊያውን ይዤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ የሙአዚኑ ድምፅ ተሰብሮ ነበር። ጀምዒያ፣ ማለት የሰፈሩ ሸቀጥ መደብር፣ በቀጠሮ ብቻ ሆነ፤ ማዳም ስልኳ ላይ ቀጠሮ ይዛ ከማማዋን፣ የአፍ መሸፈኛውን፣ አድርጋ፣ ጓንቷን አጥልቃ ለጦርነት እንደሚወጣ ሰው ትሄዳለች። ይዛ የመጣችውን ሁሉ፣ ሽንኩርቱን ሳይቀር፣ እናጥባለን። አምስቱ ኹብዝ ሃምሳ ፍልስ መሆኑ ብቻ ሳይለወጥ ቀረ። ወርቄ «ዓለም ሲገለበጥ የዳቦው ዋጋ አልተነቃነቀም እኮ» እያለች ትገረም ነበር። የባባ ዲዋኒያ፣ ያ በየሳምንቱ ሽማግሌዎች የሚሞሉት የእንግዳ ክፍል፣ ባዶውን ቀረ። ለእሳቸው ሲባል ማንም እንዳይቀርባቸው ተከለከለ። ልጃቸው ከደረጃው ሥር ሆና «እንዴት ነህ?» ትላለች፤ የልጅ ልጃቸው በስልክ ታናግራቸዋለች። ምግቡንና መድኃኒቱን ይዤ በሩን የማልፈው እኔ ብቻ ነበርኩ። በሽታ እኔን የሚፈራ ይመስል! ወራት ሙሉ የዚያ ሰው ዓለም እኔና መስኮቱ ነበርን።

ሐዝሩ ትንሽ ላላ ሲል ሙና ተዳረች። አዳራሽ ዝግ፣ እንግዳ የለ፣ ፎቶ አንሺም አይገባም። ሙሽራው ከእናቱና ከሁለት ወንድሞቹ ጋር መጣ፣ በቃ። ለአምስት መቶ ሰው የታሰበ ሠርግ ዲዋኒያው ውስጥ ገባ። ማዳም ከስልክ ፎቶ ሌላ አልቀረልንም ብላ ስታዝን ባባ ካሜራቸውን አወጡ። በወጣትነታቸው ቤይሩት የገዙት፣ በቆዳ ቦርሳ የተቀመጠ፣ ከባድ ካሜራ። ፊልም ከየት እንደተገኘ እንጃ፤ ሙና አስመጣችላቸው። ያን ቀን ባባ ሰው ሆነው ዋሉ። ነጭ ዲሽዳሻቸው ላይ ካሜራው ተንጠልጥሎ፣ «ቀና በይ! አትንቀሳቀሱ!» እያሉ። ከአንገታቸው አላወረዱትም። እኔ ትሪ ይዤ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ እሳቸው ላይ ነበር። ስንት ዓመቴ ያን የመዝጊያ ድምፅ ሳልሰማ!

ፊልሙ ታጥቦ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ሐሙስ ዕለት ነው። ማዳም ፖስታውን ሳሎን ውስጥ ከፈተችው። እኔ መስታወት እየወለወልኩ ነበር። ከዚያ ወረቀት የመወርወር ድምፅ ሰማሁ።

«ዘይነብ! ነይ ወዲህ!»

ሄድኩ። ፎቶዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተበትነዋል። ብዙዎቹ ላይ ያ ብርቱካናማ ጭረት አለ። አንዳንዱ ላይ ነጫጭ ክበቦች ተደርድረዋል። የቀለበቱ ሥርዓት መጨረሻ፣ ማዳም ልጇን ግንባሯን የሳመችበት፣ አራቱ ከነጭራሹ የሉም።

«ካሜራውን ከፍተሻል» አለችኝ።

«አልከፈትኩም፣ ማዳም።»

«በሠርጉ ማግሥት ዲዋኒያውን ያጸዳሽው አንቺ ነሽ። ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ነበር። የፎቶ ቤቱን ሰው ጠየቅሁት፤ የኋላ በሩ ተከፍቷል አለኝ። በዚህ ቤት ዕቃ የምትነኪ አንቺ ነሽ!»

«ጠረጴዛውን ወልውያለሁ። ካሜራውን ከነቦርሳው አንሥቼ ወደ ቦታው መልሻለሁ። አልከፈትኩትም።»

ባባ ጥጉ ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አየኋቸው። ሙስበሐቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ቶሎ ቶሎ ይቆጥራሉ እንጂ ቀና አላሉም።

«ፊልሙን ስጪኝና ላንብበው» አልኳት።

ማዳም ሳቀች። ሳቋ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ፊልም ይነበባል? አንቺ ነሽ የምታነቢው?» አለችና ስልኳን አነሣች። መክተቡ ጋ ደወለች፤ እኛን ያስቀጠረው ቢሮ ማለት ነው። እንድሰማው ድምፁን ከፍ አድርጋ «እሁድ ስትከፍቱ ኑና ውሰዷት» አለች። «የሠርጋችንን ፎቶ አበላሽታለች። ደግሞም ትዋሻለች።»

ወደ መክተቡ ቢሮ መወሰድ በዚያ ሰሞን ምን ማለት እንደነበር ለማያውቅ ልናገር፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርቦ መተኛት፣ በሽታው መሀል፣ አውሮፕላን በሌለበት። ያስፈራል፤ አልዋሽም። ያቃጠለኝ ግን እሱ አይደለም። «ትዋሻለች» ያለችው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ጥፋቱን እኛ ላይ ሲለጥፍ ፊልም ዘርግቶ እውነቱን በማሳየት የኖርኩ ሴት፣ በፊልም ዋሸች ተባልኩ።

ወርቄ ወጥ ቤት ውስጥ እንባዋን እየጠረገች ጠበቀችኝ። «እትዬ፣ በሞቴ፣ አጥፍቻለሁ በይና ይለፍ። እግሯ ላይ ውደቂ። ትቆጣና ትረሳዋለች።»

«ያላጠፋሁትን?»

«እንጀራ ነው እኮ እትዬ!»

«እንጀራ ሌላ ቤትም ይጋገራል» አልኳት። ማዳም ፎቶዎቹን ስትሰበስብ ኔጋቲቮቹን፣ የታጠበውን ፊልም፣ ከነላስቲካቸው ከቆሻሻው ጋር ጥላቸው ነበር። ከቅርጫቱ ውስጥ አወጣኋቸው፤ በለስላሳ ጨርቅ ጠረግኋቸውና ስድስት ስድስት ሆነው የተቆረጡትን አንድ በአንድ በፕላስተር የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ለጠፍኳቸው። የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ይገባል። አነበብኩ። ከመጀመሪያው ቁራጭ ጀመርኩ።

ጭረቱ ቀላል ነበር፤ ከክፈፉ ወጥቶ ጥርሶቹ መሀል ገብቷል፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ። ቶሎ ቶሎ በተነሡት ላይ የለም፤ ካሜራው ሥራ ፈትቶ በቆየባቸው ላይ ግን ወፍሯል። ያረጀ ስፖንጅ። ክበቦቹም የታወቁ ናቸው፤ ባባ ሙሽሮቹን ጀርባቸውን ለመስኮቱ አሰጥተው ነው ያነሡት፣ ፀሐዩ ቀጥታ የካሜራው መስታወት ላይ ወድቋል። አራቱ የተቃጠሉት ግን ሌላ ነገር ተናገሩ። ቁጥራቸው ከአሥራ ሰባት እስከ ሃያ ነው። ካሜራው በነጋታው፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ተከፍቶ ቢሆን የሚቃጠሉት የመጨረሻዎቹ ነበሩ፤ ከላይ የተጠቀለሉት እነሱ ናቸውና። እዚህ ግን መሀሉ ነው የጠቆረው። ወደ ኋላ፣ ወደ አሥራ አራት፣ እየሳሳ ይሄዳል፤ ከሃያ በኋላ ደግሞ በቢላዋ እንደተቆረጠ ያበቃል፣ ቀሪው ፊልም ገና ተጠቅልሎ ቆርቆሮ ማኅደሩ ውስጥ ነበርና። ከሃያ አንድ ጀምሮ ሰዎቹ ምሳ ሲበሉ ጥርት ብለው ይታያሉ። ካሜራው የተከፈተው ሠርጉ ላይ ነው፤ ከቀለበቱ በኋላ፣ ከምሳው በፊት። ያን ሰዓት ካሜራው የማን አንገት ላይ እንደነበር ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ቁጭ አልኩ። 

ብዙም አልቆየ፣ የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። ባባ ወጥ ቤት ሲመጡ አይቼ አላውቅም። ከማማቸው አገጫቸው ሥር ወርዷል። ወርቄ ወጣች። እሳቸው መስኮቱን፣ የተለጠፉትን ፊልሞች፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«እውነት ታነቢያለሽ?»

«አነባለሁ ባባ። አገሬ ሥራዬ ይሄ ነበር።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ፊልሙ ያለቀ መሰለኝ» አሉ። «ወደ ኋላ ሳልጠቀልለው መክፈት እንደሌለብኝም ረሳሁ። ከፍቼ ሳየው ወዲያው ዘጋሁት። ማንም አላየኝም።»

«እዚህ ተጽፏል» አልኳቸው፣ ጥቁሩን በጣቴ እያሳየሁ።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘይነብ፣ ልጄ ይህን ከሰማች የመኪናዬን ቁልፍ ትወስዳለች። አባቴ ጃጅቷል ትላለች። ገና ድሮም ምክንያት ስትፈልግ ነው የኖረችው። አንቺ፣ ሳላውቅ ከፍቼው ነው በይ። እኔ እሁድ እንዳይወስዱሽ አደርጋለሁ። ምንም አትሆኚም፤ ቃሌ ነው።»

ያቺን ሰዓት ምን እንደተሰማኝ እንዴት ልበል። አዘንኩላቸው፤ እውነት ነው። ግን ይህ ሰው ሳሎን ውስጥ ስሜ ሲጠፋ ሙስበሐውን ሲቆጥር ነበር። የገዛ ልጁ ከደረጃ ሥር ሰላምታ ስትወረውርለት እኔ ሾርባውን በማንኪያ ይዤ አጠገቡ ነበርኩ። አሁን ደግሞ የቀረኝን፣ ስሜን፣ ሊወስድ መጣ።

«አልልም» አልኳቸው።

«ዘይነብ...»

«አልልም ባባ! ሾርባህን ወድጄ አምጥቻለሁ፣ ነገም አመጣለሁ። ጥፋትህን ግን አልሸከምም። ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ እዚህ ቤት አንድ ቀን አላድርም። ነገ ምሳ ላይ ትናገራለህ። ካልተናገርክ ፊልሙን ይዤ እኔ እናገራለሁ።»

«እኔን እንዲህ ብሎ የሚያናግረኝ ሰው የለም» አሉ፣ ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው እየተነሡ።

«ዛሬ ተገኘ» አልኳቸው።

ዓርብ ምሳ ዓሣና ሩዝ ነበር። የሙና ባልም መጥቷል። ሳህን ሳቀርብ፣ ሳነሣ፣ ኔጋቲቮቹ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ናቸው። ባባ በሉ። ውሃ ጠጡ። ፍራፍሬው መጣ። ብርቱካን ተላጠላቸው፤ እሱንም በሉ። አልተናገሩም። ማዳም ልትነሣ ወንበሯን ስትገፋ እኔ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

«ማዳም፣ እሁድ ሳይመጡ የማሳይሽ ነገር አለ።»

«ዘይነብ፣ ይህ ነገር አልቋል።»

«ለአንቺ ነው ያለቀው» አልኳትና ሦስተኛውንና አራተኛውን ቁራጭ መስታወቱ ላይ ያዝኳቸው። አረብኛዬ የወጥ ቤት አረብኛ ነው፤ ያን ቀን ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ቃል አላጣሁም። ጭረቱን፣ ክበቦቹን፣ የጠቆሩትን አራት፣ ቁጥሮቹን፣ ልክ ጋሽ ይመር ለደንበኛ እንደሚያሳዩት አሳየኋቸው። የማንንም ስም አልጠራሁም። «ከዚህ በፊት ቀለበት አለ፤ ከዚህ በኋላ ምሳ አለ። ካሜራው የተከፈተው በመሀሉ ነው። እኔ ያጸዳሁት በነጋታው ነው» ብቻ ነው ያልኩት። ሙና ተነሥታ መጣችና ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች ቆጠረች። «እማማ፣ እውነቷን ነው» አለች።

ማዳም ወደ አባቷ ዞረች። 

«አልነካችውም» አሉ ባባ በመጨረሻ፣ የብርቱካኑን ልጣጭ እያዩ። «እኔ ነኝ። ረስቼ ነው።»

ማዳም ፊቷ ልውጥ አለ። ለእኔ ያዘጋጀችው ቁጣ የሚሄድበት ጠፋው። «በቃ፣ ገባኝ። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ።

አልሄድኩም። ወርቄ በበሩ ስንጥቅ በኩል በእጇ ስትማጸነኝ አያታለሁ።

«አንድ ነገር ይቀራል ማዳም። ለመክተቡ ሰው ትዋሻለች ብለሻል። ደውዪለትና አልዋሸችም በዪው።»

«እሁድ እነግረዋለሁ።»

«ድምፁን ከፍ አድርገሽ ነው የነገርሽው። አሁንም ከፍ አድርጊው።»

የሙና ባል ሳል ሳል አደረገው። ማዳም አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ከዚያ ስልኳን አነሣች። ሰውዬው ከእንቅልፉ የተነሣ ይመስላል። «ስለ ዘይነብ ነው» አለችው። «አልነካችውም። አልዋሸችም።» «እንግዲያው እሁድ አንምጣ?» አለ። «አትምጡ።» ይህን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ያለ ሰው ሰማ፤ ወርቄም ሰማች። ያኔ ሳህኖቹን ሰብስቤ ወጣሁ። ወጥ ቤት ገብቼ ከወርቄ ጋር አጠብናቸው።

በማግሥቱ የባባ የመኪና ቁልፍ ከደረጃው ሥር ካለው መስቀያ ጠፋ። ማዳም ወስዳዋለች። እሳቸው እኔን ዘጠኝ ቀን አላናገሩኝም፤ ሻዩን ሳይነኩ ይመልሱታል። ወርቄ «ምን ነበረበት ትንሽ ብትሸከሚላቸው? ሽማግሌ እኮ ናቸው» አለችኝ። ዛሬ ባባ የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። እኔም ያን ቤት ከለቀቅሁ ቆየሁ። ብዙ ሴቶች ይህን ታሪክ ስነግራቸው እንደ ወርቄ ያዝናሉ፣ ስለ ቁልፉ። እኔም ስለ ቁልፉ አዝናለሁ። ግን ቁልፉን የወሰደው የእኔ አፍ አይደለም። የእኛ ጀርባ ለሌላው ሰው ጥፋት መጫኛ ተብሎ የተሠራ የሚመስለው ሰው ይህን ይስማ፤ ዛሬም ያው ምሳ ቢቀርብ ያንኑ እናገራለሁ።

በአሥረኛው ቀን ባባ ጠሩኝ። ካሜራው ጭናቸው ላይ ነው። «ያነበበ ይጠግን» አሉኝ፣ ሳይስቁ።

እንደ ጣት ያነሰች የእጅ ባትሪያቸውን ተቀበልኩና ወርቄን ይዤ ደረጃው ሥር ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ገባን፤ በሩን ዘጋን፣ ድቅድቅ ጨለማ። ትንሿን ባትሪ አብርቼ ካሜራው ውስጥ ጨመርኩና የኋላ በሩን ዘጋሁት። በማጠፊያው በኩል አንዲት ቀጭን የብርሃን ክር ወጣች። «ይኸዋ!» አለች ወርቄ፣ እንደ ልጅ። ስፖንጁ በኩዌት ሙቀት ቀልጦ እንደ ሬንጅ ተጣብቋል። ወደ ባባ ክፍል ተመልሼ በእጅ ማጽጃው አልኮል፣ በዚያ ዘመን በየጥጉ ተትረፍርፎ በነበረው፣ በጥርስ እንጨት እየፋቅሁ አነሣሁት። በቦታው ጥቁር የሱፍ ክር ከወርቄ ሹራብ ላይ መዝዤ በሙጫ አጋደምኩበት። ባባ ከአልጋቸው ሆነው ሲያዩኝ ዋሉ። መጨረሻ ላይ በሩን ሁለቴ ሦስቴ ከፍተው ዘጉና ድምፁን አዳመጡ። «ጥሩ» አሉ። ይህችው ናት ዕርቃችን።

ሙና የሠርግ ቀሚሷን እንደገና እለብሳለሁ ያለችው ከዚያ ወዲህ ነው። እናቷ «ጎረቤት ምን ይላል?» ብትል «ያበላሸነውን እንደገና እናንሣ» አለች። የባባ እጅ በዚያን ጊዜ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሙና ካሜራውን አምጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ሰገነቱ ላይ ወጣን። ወርቄ የቀሚሱን ጅራት ይዛ፣ ባባን በወንበር ተሸክመን፣ ማዳም በደራዓዋ፣ በሰፊው የበዓል ቀሚሷ፣ ወርቋን ሁሉ አድርጋ። ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ዞሮ በውሃ ታንከሮቹ መሀል ይገባል። ሙናን ከግድግዳው አጠገብ አቆምኳት፤ ባሏን ከጎኗ። በካሜራው ሳይ ፀሐዩ ቀጥታ ይወጋኛል፣ ያው ክበብ ሊገባብን ነው። ባርኔጣውን፣ የካሜራውን መስታወት ከፀሐይ የሚከልለውን ማለቴ ነው፣ ባባ ከጣሉት ስንት ዘመኑ። እጆቼ ደግሞ ሁለቱም ካሜራው ላይ ናቸው።

«ማዳም» አልኩ፣ ዓይኔን ከካሜራው ሳላነሣ። «ወደዚህ ነይ። እዚህ ቁሚና እጅሽን ከላይ ዘርጊልኝ፤ ፀሐዩን ከልይልኝ።»

ትንሽ ቆመች። ከዚያ መጣች። ከጎኔ ቆማ እጇን ከመስታወቱ በላይ ዘረጋች፤ አምባሮቿ ጆሮዬ ሥር ተንሿሹ። «ትንሽ ዝቅ» አልኳት፤ ዝቅ አደረገች። «ወደ ግራ»፤ ወደ ግራ አደረገች። ክበቦቹ ጠፉ፤ ሙና ጥርት ብላ ታየችኝ። ማንሣት ጀመርኩ። አልቸኮልኩም፤ እያንዳንዱን እንደ ደሴው ጊዜ አስተካክዬ፣ አገጭ አስነሥቼ፣ ትከሻ አስዙሬ። ከሠላሳ ስድስቱ ሃያኛው ላይ ስደርስ የማዳም ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ዘይነብ፣ እጄ ደከመ» አለች።

«ገና ነው ማዳም፤ አሥራ ስድስት ይቀሩናል» አልኳት።

እጇን አላወረደችም።